የሻው የጠረጠረው አረፋ

«ጠርጥር፤ ከገንፎ መሃል አይጠፋም ስንጥር» የምትለዋን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይናገራታል። የሻው ግን የምሩን ነው፤ ገንፎ ሲቀርብለት በማንኪያው ጫፍ እየገለበጠ ስንጥሩን ይፈልጋል። ሚስቱ ይማርሽ ዕድሜዋን ሙሉ ገንፎ አገንፍታለት አንድ ስንጥር አልተገኘባትም። «እስካሁን አልተገኘም» ይላል እሱ፣ «እስካሁን» የምትለዋን ጠበቅ አድርጎ።

ቅቤ ሲገዛ የይማርሽን ወስፌ ይዞ ገበያ ይወርዳል፤ እስከ ቅሉ ሥር ሰድዶ ወግቶ፣ አውጥቶ፣ አሽትቶ ነው ዋጋ የሚጠይቀው። የነፍስ አባቱ ጠበል ሲረጩት እንኳ «አባቴ፣ ከየትኛው ምንጭ የተቀዳ ነው?» ማለቱ አይቀርም። እስላም ክርስቲያን፣ ዘመድ ባዳ ብሎ አያዳላም፤ ሁሉንም እኩል ይጠረጥራል። እንግዲህ ይህም አንድ ደግነት ነው።

ሥራውም አላገዘውም። ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው አቀበት ዳር ባለ አንድ ሎጅ የሌሊት ጥበቃ ነው። ሰው እንዲጠረጥር ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ምን ይሁን? አንድ ጊዜ የሎጁ ባለቤት ጢማቸውን ተላጭተው ሲመጡ «መታወቂያ!» ብሎ በር ላይ አቁሟቸዋል። ሰውየው ተቆጥተው ሲያበቁ ሳቁና ደሞዝ ጨመሩለት። እሱ ግን «ደግሞ ምን ፈልገው ነው የጨመሩልኝ?» እያለ ለቀን ተረኛው ለኢያቄም ሲያማቸው ከረመ።

ቤቱ ከሎጁ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው፤ አባቱ የካቡት የድንጋይ ቤት፣ ሁለት ክፍል። ክዳኑ ሳር ነበር። ሳሩ እየጠፋ፣ የተገኘችውንም ከብቱ እየተሻማ ሲያስቸግረው አፍርሶ ቆርቆሮ አለበሰው። ያን ለት ይማርሽ እልል ብላለች፤ ጎረቤቱም «እንኳን ለቆርቆሮ አበቃችሁ» ብሏል። ምን ዋጋ አለው! ቆርቆሮ ለዓይን እንጂ ለገላ አይደለም። ቀን ያነዳል፣ ሌት ያንዘፈዝፋል። በጥቅምት ውርጩ ሲወርድ ቆርቆሮው ከውስጥ ያልበውና ጠብ ጠብ እያለ ብርድ ልብሱን ያረጥበዋል።

ይማርሽ ደረቷ ከድሮም ደካማ ነው። ጤና ጣቢያ «አስም ነው፤ ብርድም ጭስም አይስማማሽም» አሏት። እሳት ቢያነድላት ጭሱ ያፍናታል፣ እሳቱን ቢያጠፋ ብርዱ ያፍናታል። ቁጭ ብላ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምታነጋው። የሻው ሌሊቱን ሥራ ላይ ስለሆነ ይህን የሚያየው ተረኛ ባልሆነባቸው ሌሊቶች ነው፤ ያንን የደረቷን ሲርሲርታ እየሰማ ይተኛ የነበረው ደግሞ ቀን ቀን ነው። ሲርሲርታው ሲቆም ነበር የሚነቃው።

በኅዳር እህቷ ወዳለችበት ወደ ቆቦ ወረደች። ቆላ ነው፤ ደረቷ ላላ። ስትሄድ እንዲህ አለችው፦

«ቤቱን አሙቀውና ጥራኝ።»

ይኸው ነው የሻውን የያዘው ነገር። ቤቱ ካልሞቀ ይማርሽ የለችም። እሱ ደግሞ፣ ያው ጠባዩ ነውና፣ ነገሩን ሲያገላብጥ ሌላ ስንጥር አገኘበት፤ ቆቦ ሞቋታል፣ እህቷ አለች፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ሎሚና ማንጎ አለ፤ ብርዱ ሰበብ ሆኖ ጠልታኝ ሄዳ ቢሆንስ? ይህን ለማንም አልተናገረም። ባዶ ቤት ገብቶ ቀን ሲተኛ ግን ያ ሲርሲርታ እየናፈቀው እንቅልፍ አጣ።

ማሞቂያ ያላለው ነገር የለም። ሳር መመለስ አሰበ፤ ሳር የለም። የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍተው ኮርኒስ ይወጥሩለት እንደሆን ጠየቀ፤ የጎረቤቱን አይቶ ተወው፣ አይጡ ከላይ ሠርግ ደግሶ ያድራል። በዚህ መሃል የሎጁ ባለቤት የአዲሶቹን ክፍሎች ጣሪያ ከወልድያ ባለሙያ አስመጥተው አስረጩ። በመኪና ማሽን መጣ፣ ጄኔሬተር ተነሣ፣ ነጭ ቱታ የለበሰ ጭንብላም ሰው ረጅም ቱቦ ይዞ ገባና ቆርቆሮውን ከውስጥ ይረጨው ጀመር። የተረጨው ነገር እንደ ቀለም ይለጠፍና፣ ወዲያው ይነፋል፣ ይወፍራል፣ ይደርቃል።

«ምንድነው ይሄ?» አለ የሻው።

«ፎም ነው» አለ ባለሙያው ጭንብሉን ገፍቶ። አብደላ ይባላል፤ ገና ጎልማሳ ነው።

«ፎም ማለት?»

«ይኸው ነዋ፣ የሚነፋ… ፎም።»

«አረፋ ነው በለኛ!» አለው የሻው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሱ አፍ ነገሩ አረፋ ሆኖ ቀረ። አብደላ ፎም ይላል፣ እሱ አረፋ ይላል፤ ይግባባሉ።

ሥራው አልቆ ባለሙያዎቹ ሲሄዱ የሻው ሌሊት ቁልፍ ይዞ አንዱን ባዶ ክፍል ከፍቶ ገባ። ውጭው እርጥብ ብርድ ነው። ውስጡ ለብ ያለ ነው። ቀጥ ብሎ ቆመና አሰበ፤ ከዚያ ተንበርክኮ አልጋው ሥር በባትሪ ያበራ ጀመር። የተደበቀ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር የሚፈልገው። ቁም ሣጥኑን ከፈተ፣ መጋረጃውን ገለጠ፣ ሻወር ቤቱን አየ። ምንም የለም። ያን ያህል ፈልጎ ሌባ ያጣ ጥበቃ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ የሻው ግን ተናደደ።

ከወለሉ የተራረፈ የአረፋ ቁራጭ ኪሱ ከትቶ ወጣ። መርምሩኝ ያላለችውን ቁራጭ መርምሮ ጨረሳት። ውሃ ውስጥ ነከራት፣ ውሃ አልጠጣችም። አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ አስቀመጣት፣ አይጧ አሽትታ አለፈች። እሳት ላይ ሲጥላት ግን ቦግ ብላ ጥቁር ጭስ ለቀቀች። «አገኘሁህ!» አለ የሻው፣ ብቻውን። ደስ ያለው ያኔ ነው።

አብደላ ለቀሪ ሥራ ሲመለስ የሻው በር ላይ ጠበቀው።

«ይሄ አረፋህ ይነዳል!»

«አዎ ጋሽ የሻው፣ እሳት በቀጥታ ካገኘው ይነዳል» አለ አብደላ፣ ምንም ሳይደነግጥ። «ለዚህ እኮ ነው ከሥሩ በጅብሰም የሚሸፈነው። ሳይሸፈን እሳት ከሚነድበት ቤት አልረጭም። ሲረጭም ሽታው እስኪወጣ ሰው ውስጥ አያድርም። እርጥብ ቆርቆሮ ላይም አይይዝም፤ ክረምት ከገባ አለቀ።»

የሻው ቀረብ ብሎ ፊቱን መረመረው። ዕቃውን የሚያማ ነጋዴ አይቶ አያውቅማ!

«አንተ ሰውዬ፣ ሻጭ ነህ ወይስ ምቀኛ?» አለው።

ለኢያቄም ነገሩን ሲያወጋው ኢያቄም ራሱን ነቀነቀ። ኢያቄም ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ነገር ማውራት ግን ይወዳል። «ሻጭ ዕቃውን ካማ ከኋላው ሌላ ነገር አለ» አለው። «ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ። አጥናው።»

አጠናው። ዋጋው በካሬ ሜትር ነው፤ በዚያ ላይ ውፍረቱ አለ። ከጊደሯ ሽያጭ ሌላ የሻው እጅ ላይ ምንም የለም። አብደላ ቤቱን መጥቶ ለካና ሁለት መንገድ አሳየው፦ ወይ ሁለቱንም ክፍል ስስ አድርጎ መርጨት፣ ወይ መኝታ ክፍሉን ብቻ በደንብ አወፍሮ ረጭቶ በጅብሰም መሸፈን።

«ሁለቱንም!» አለ የሻው። «እንግዳ ሲመጣ ምን ይለኛል? ግማሽ ቤት?»

«ስሱ ለእንግዳ ዓይን ያምራል እንጂ ማንንም አያሞቅም። ማነው እቤት ውስጥ የሚበርደው?»

የሻው መኝታ ክፍሉን ገልመጥ አደረገ። «ሚስቴ» አለ።

«በቃ እሳቸው የሚተኙበትን ነዋ!»

መልሱ ልክ መሆኑ ነው ያስጠረጠረው። ስለዚህ ቆቦ ደወለና ይማርሽን «እንደማታውቂኝ ሆነሽ ለዚህ ሰው ደውዪ፤ ዋጋ ጠይቂው፤ ስንት እንደሚልሽ እንይ» አላት። ይማርሽ እየሳቀች ደወለች። ዋጋው ቁርጥ አንድ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ያርፍ ነበር። የሻው ግን «ተመካክረውብኝ ይሆን?» አለ። በተለይ ይማርሽ «ደግ ልጅ ነው፤ ሳላስበው ስንጫወት ቆየን» ስትለው ጥርጣሬው ባሰበት። ከማያውቁት ሰው ጋር ምን ጨዋታ አለ?

ያም ሆኖ ጊደሯን እየነዳ ብልባላ ገበያ ወረደ። ላሊበላ ያልሸጣት ደላሎቹ ስለሚያውቁት ነው፤ ይኸው ነው ምክንያቱ። ገዥው በሰጠው ገንዘብ ላይ ሐሰተኛ ብር እንዳለ በፀሐይ አንጋጦ ሲያይ አመሸ። ግማሹን ለአብደላ ቀብድ ሰጠ። አብደላ ኬሚካሉን ከአዲስ አበባ በበርሜል ሊያስመጣ ወደ ወልድያ ተመለሰ።

«መቼ ትመጣለህ?»

«በርሜሉ እንደደረሰ፣ ኢንሻአላህ።»

«ፈጣሪንማ አልጠረጠርኩም፤ አንተ መቼ ነው የምትመጣው?» አለው የሻው። አብደላ ሳቀ፤ የሻው አልሳቀም።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ነው አንድ ቀን ዝግ ነው ይባላል። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል መጥቆር ጀመረ። ፋሲካ አልፏል፣ በዓለ ሃምሳው እያለቀ ነው፤ ክረምቱ ከገባ ቆርቆሮው ይረጥባል፣ ቆርቆሮው ከረጠበ አረፋው አይይዝም፣ አረፋው ካልያዘ ይማርሽ እስከ ሌላ ዓመት ቆቦ ናት። ኢያቄም ደግሞ ጠዋት ጠዋት ተረኛነት ሲረከብ «እህ፣ አረፋህስ?» ይለዋል፣ ፈገግ እያለ። የሻው ያቺን ፈገግታ መቋቋም አቃተው።

አንድ ማለዳ ኔትወርክ የምታገኝበት ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ደወለ። ነፋሱ ይጮኻል፣ ስልኩ ይቆራረጣል።

«አብደላ! አረፋው ደረሰ ወይ?»

«አዎ ደረሰ፣ አልሐምዱሊላህ!» አለ አብደላ ደስ ብሎት።

የሻው ልቡ ዘለለች። «ታዲያ አትመጣም?»

«አረፋን እቤት ነው የም…ውለው ጋሽ የሻው!»

የሻው ጆሮ የገባው ግን «እቤት ነው የማውለው» የሚል ነው።

«እቤት? የማን ቤት?»

«እኔ ቤት ነዋ! ጀውሀራም ልጆቹም ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁ… ከአረፋ በኋላ እናንተ ጋ…»

ተቋረጠ። የሻው ቋጥኙ ላይ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ሚስቱና ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁ ኖሯል! በእኔ ጊደር፣ በእኔ ቀብድ፣ የገዛ ቤቱን ጣሪያ ሊለብጥ! ያውም አፉን ሞልቶ፣ ያለ ሐፍረት፣ አልሐምዱሊላህ እያለ! «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚባለው ይኸው ነው፤ እሱ ግን አላመነም ነበር፣ ሳያምንም ተጣለ። ይኼ ነው ያንገበገበው።

ለይማርሽ ደወለ። ደግነቱ ለእሷ መስመሩ ጠራ።

«ያ ደግ ልጅሽ በእኔ አረፋ ቤቱን እየለበጠ ነው!»

«ማን አለህ?»

«ራሱ! በአንደበቱ! ‹አረፋውን እቤት ነው የማውለው፣ ልጆቼ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁት ነበር› አለኝ!»

ያቺ ይማርሽ፣ የደረት ሕመምተኛዋ፣ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። «የሻው… ኧረ የሻው… ስማኝ እስቲ…» ትላለች፣ ሳቁ አያስጨርሳትም። የሻው ጆሮው ጋለ። ከሌባው ጋር ሆና ልትስቅብኝ! ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው፤ ደጋግማ ብትደውል አላነሣም።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ዱላውን ይዞ የወልድያ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። በጋሸና በኩል እስኪዞር ድረስ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው አላነጋገረም። ወልድያ ሲወርድ ከተማው ነጭ ለብሷል፤ ሕፃናቱ አዳዲስ ልብስ ለብሰው ይሯሯጣሉ፣ ከየግቢው በግ የተገፈፈበት ሽታ ይመጣል። የሻው ይህን ሁሉ አየ፤ ማየትስ አየ። ግን የተናደደ ሰው ዓይን ምን ያያል?

«የአብደላ ቤት የት ነው? ይሄ ፎም የሚረጨው?» አለ ለአንድ ነጭ ጀለቢያ ለለበሱ ሽማግሌ።

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ አይተውት ፈገግ አሉ። «ለአረፋ ነው የመጡት?»

የሻው ደነገጠ። ከተማው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው! «አዎ፣ ለአረፋ ነው!» አለ ዱላውን ጨብጦ።

«ታድለዋል! ኑ፣ ኑ ላድርስዎ» ብለው እጁን ይዘው እበር ድረስ አደረሱት። የሻው በመንገዱ ሙሉ ይህን ሽማግሌም ጠረጠረ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አብደላ ከውስጥ አይቶት እጁን ዘርግቶ ሮጠ።

«ጋሽ የሻው! ለአረፋ መጡልኝ? ወላሂ ዛሬ ደስታዬ ሁለት ሆነ! ጀውሀራ! ጋሽ የሻው ለአረፋ መጡ!»

«አዎ፣ ለአረፋ ነው የመጣሁት!» አለ የሻው። «የታለ?»

«ምኑ?»

«አረፋው!»

«ይኸው ዛሬ ነዋ!»

የሻው እየገፋ ገባና ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። የተወጠረ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ አንድ ጥጉ ተቀዶ ባዶ ቆርቆሮ ይታያል። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ማለት ይሄ ነው። ጠብታ አረፋ የለበትም። በጓሮ በር አሻግሮ ሲያይ ደግሞ በሸራ የተሸፈኑ በርሜሎች ቆመዋል፤ አንዱም አልተከፈተም። ያኔ ከጓዳ ሳቅ ተሰማ፤ ያ ትናንት በስልክ የዘጋበት ሳቅ፣ በሳል እየተቆረጠ።

ይማርሽ ነበረች። ባሏን ታውቀው የለ? ስልኩን ሲዘጋባት ዱላ ይዞ እንደሚነሣ ገብቷት፣ ለአብደላ ደውላ፣ በማለዳ ከቆቦ ተነሥታ ቀድማው ደርሳለች። ጎረምሳ ሳለም እንዲህ ቀድማው ትደርስ ነበር፤ እሱ ግን ረስቶታል።

«አንተ ሰው» አለችው፣ «ልጁ መቼ አረፋ ብሎት ያውቃል? ፎም ነው የሚለው። አረፋ ብለህ የጠመቅኸው አንተ ነህ። እሱ ያለህ በዓሉን ነው።»

የሻው የወሎ ሰው ነው። አረፋን ያውቃል፤ ከስንቱ ጎረቤት ጋር ውሎታል። ግን ወራት ሙሉ ጣሪያውን ብቻ ሲያስብ ያቺን ቃል ከበዓሉ ነጥቆ ለቆርቆሮው ሰጥቷታል። ደም ሥሩ ሁሉ በሐፍረት ሞቀ። ዱላውን ወዴት እንደሚያደርገው ጨነቀው።

«ይሄ… ዱላው ለውሻ ነው» አለ።

«አዎ፣ ወልድያ ውሻ ይበዛል» አለ አብደላ፣ በወጉ፣ ፊቱን ሳያጨማድድ። ተቀብሎ ከበሩ ኋላ አቆመለት።

ይማርሽ ግን አልማረችውም። ሰው ወጣ ሲልላቸው ጠብቃ ሳቋን አቆመችና ዓይኑን አየችው።

«ከኅዳር ጀምሮ ቆቦ ብቅ ብለህ አላየኸኝም። ‹መንገድ ዝግ ነው፣ ሥራ አለ› ስትለኝ ከረምህ። ለአረፋ ሲሆን በአንድ ቀን ወልድያ ደረስህ። ለኔ ነው ወይስ ለአረፋው ነው ቤቱን የምታሞቀው?»

የሻው መሬት መሬት አየ። «መጥቼ ‹አልመለስም› እንዳትይኝ ፈርቼ ነው» አለ። «ካልጠየቅሁሽ አትይኝም ብዬ ነው።»

ይማርሽ ነጠላዋን አስተካክላ ከጎኑ ተቀመጠች።

ጎረቤት ተክለ ሚካኤል፣ በየዓመቱ ለአብደላ ክርስቲያን እንግዶች የሚያርደው፣ የክርስቲያኑን ድስት ለብቻው ሥጋ ሞልቶ አቀረበ። የሻው «ማነው ያረደው?» ማለቱ አልቀረም። «እኔ ነኝ፣ በስመ አብ ብዬ» አለ ተክለ ሚካኤል። ጀውሀራ ደግሞ «ይብሉ አባባ፣ ስንጥር የለበትም» አለችው፤ ለካ ይማርሽ ሁሉን አውርታላቸዋለች! ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የሻውም ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አብደላ ማሽኑን ጭኖ ላሊበላ ወጣ። ሰማዩ ገና አልፈረጠም ነበር። መኝታ ክፍሉን ሲረጭ የሻው ከኋላው በይማርሽ ወስፌ ላይ ክር አስሮ፣ በተስማሙበት ውፍረት ልክ፣ አረፋው በደረቀ ቁጥር ጥቅ እያደረገ ይወጋዋል። ጎዶሎ አላገኘም።

«ጋሽ የሻው» አለ አብደላ በመጨረሻ፣ «በሚወጉት ቀዳዳ ሁሉ ብርድ እንደሚገባ ያውቃሉ?»

ወስፌው ያኔ ቆመ። አብደላ ቀዳዳዎቹን መልሶ ደፈነለት።

ሽታው እስኪወጣ ማንም አይግባ በተባለበት ጊዜ የሻው ጋቢውን ተከናንቦ የገዛ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ባዶውን ቤት ይጠብቃል። ኢያቄም ሲያልፍ «ማን ሊሰርቀው ነው ደግሞ ከቆርቆሮ ጋር የተጣበቀ ነገር?» ቢለው «አንተ እንዳትሰርቀው» አለው። ጅብሰሙ ተመታ፣ ቀሪው ሒሳብ ተከፈለ። ያኔ ስልኩን አንሥቶ ቆቦ ደወለ። ከዚህ በፊት ደጋግሞ ያሰበውን ንግግር ሁሉ ረሳው።

«ሞቋል» አለ ብቻ። «ነይልኝ።»

መጣች። ሐምሌ ገባ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ የሌሊቱን ሥራ ጨርሶ ሊተኛ ሲል፣ ከአሸተን በኩል ጥቁር ደመና ወርዶ በረዶ ይጥል ጀመር። ይማርሽ መኝታ ክፍል ቀድማው ጋደም ብላለች። የሻው ዋናው ክፍል ቆሞ አንጋጦ አየ፤ እዚያ ባዶው ቆርቆሮ በበረዶው እየተደበደበ ጆሮ ያደነቁራል። ወደ መኝታ ክፍሉ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ጩኸቱ ራቀ። ክፍሉ ለብ ብሏል። ጸጥ ብሏል።

ጸጥ ብሏል። ሳል የለም። ሲርሲርታ የለም። ያ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው፣ ሲቆም የሚያነቃው ድምፅ የለም። ይማርሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተጋድማለች፣ ቁጭ ሳትል፣ ሳትደገፍ፣ ጨርሶ ሳትንቀሳቀስ። ያ አረፋ! ያ ሽታ! አልወጣም ነበር፣ ገደላት! ተንደርድሮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፋና እጁን አፍንጫዋ ሥር አደረገ። ትንፋሿ አለ ወይስ የለም? መዳፉን ደረቷ ላይ አኖረ።

ደረቷ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። በዝግታ፣ ያለ ሲርሲርታ።

«አለሁ» አለች ይማርሽ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ሞቆኝ እኮ ነው የተኛሁት።»

የሻው በሌላ እጁ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበላት። 

«እስካሁን» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። እጁን ከደረቷ ላይ ሳያነሣ ከጎኗ ጋደም አለ።